«(2016)» ብዬ ስጽፍ ለምን የ2015ቱ ፋይል ይከፈትልኛል?

ጥያቄው ከመሃል ሜዳ ነው፤ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር መዝገብ ከሚይዝ ወጣት። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የማኅበራችንን የዘር ብድር ቪኤስ ኮድ በሚባለው የጽሑፍ ኤዲተር ነው የምይዘው። ‹የገብስ ዘር (2015)› እና ‹የገብስ ዘር (2016)› የሚባሉ ሁለት የሲኤስቪ ፋይሎች (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩ የጽሑፍ ሠንጠረዦች) አሉኝ። ኮንትሮል ፒ ተጭኜ ‹የገብስ ዘር (2016)› ብዬ ኢንተር ስመታ አንዳንዴ ትክክለኛው ይከፈታል፣ አንዳንዴ የ2015ቱ። ባለፈው ሳላስተውል የ38 አባወራ መረጃ በ2015ቱ ውስጥ ከትቼ ሴቭ አደረግሁ። ቫይረስ ነው? ወይስ ኤዲተሩ አማርኛ አይችልም? ያስገባሁትንስ እንዴት ላውጣው?»

ሰላም ወንድሜ። ቫይረስ አይደለም። አማርኛም አላቃተውም፤ ፋይሎችህን በእንግሊዝኛ ብትሰይማቸው ኖሮም ያው ይገጥምህ ነበር። ነገሩ ያለው ቅንፏ ላይ ነው። ወደ እሷ ከመሄዳችን በፊት ግን መረጃህን እናትርፍ።

መጀመሪያ ሁለቱንም ፋይሎች አሁን ባሉበት ሁኔታ፣ ከነብልሽታቸው ማለቴ ነው፣ ኮፒ አድርገህ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ። ስናስተካክል የባሰ ብናበላሽ መመለሻ ይሆነናል። ለማየት ብለህ ደግሞ ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርገህ በኤክሴል እንዳትከፍተው። የሲኤስቪ ፋይል መጀመሪያው ላይ ቦም የሚባለው ምልክት ከሌለው ኤክሴል ብዙ ጊዜ የአማርኛውን ፊደል ወደማይነበብ ኮተት ይለውጠዋል፤ በዚያው ሴቭ ካደረግኸው አንድ የነበረው ችግርህ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ የ2015ቱን ፋይል በቪኤስ ኮድ ክፈት። በስተግራ ካለው የፋይሎች ዝርዝር ግርጌ «ታይምላይን» የሚል ርዕስ አለ፤ ብዙ ሰው ተዘግቶ ስለሚያየው ነክቶት አያውቅም። ዘርጋው። ፋይሉን ሴቭ ያደረግህባቸው ጊዜያት ከቅርቡ ወደ ሩቁ ተደርድረው ታያለህ። አንዱን ስትነካው ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ በዚያ ሴቭና አሁን ባለው ፋይል መካከል ያለው ልዩነት በቀለም ተለይቶ ይመጣል። 38ቱ አባወራዎች የገቡበትን ሴቭ በዚህ ለይ። መስመሮቹን ከዚያ ኮፒ አድርገህ 2016 ላይ ለጥፍ፣ ሴቭ አድርግ፣ ቁጥራቸው 38 መሆኑን ቁጠር። ይህን ካረጋገጥህ በኋላ ብቻ ወደ 2015ቱ ተመለስና ከስህተቱ በፊት ባለው ሴቭ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ይዘቱን መልስ የሚለውን ምረጥ። ቅደም ተከተሉን አታዛባ፤ አስቀድመህ 2015ን ካጸዳህ መስመሮቹን ፍለጋ እንደገና መዞር ይመጣል።

ይህ የሴቭ ታሪክ ቪኤስ ኮድ ውስጥ የገባው በ2022 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ኮምፒውተርህ ላይ ያለው ከዚያ የቆየ ከሆነ አታገኘውም። ካልነካካኸው በቀር ለአንድ ፋይል 50 ያህል ሴቮችን ይይዛል፤ ከ256 ኪሎባይት የሚበልጥ ፋይል ግን አይመዘግብም። የሚያውቀውም በራሱ በኩል ሴቭ የተደረገውን ብቻ ነው፤ መካከል ላይ በኤክሴል የተነካውን አያውቅም። የጥቂት መቶ አባወራ መዝገብ 256 ኪሎባይት ስለማይሞላ አንተ ታገኘዋለህ ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ቅንፏ።

ኮንትሮል ፒ ስትጫን ከላይ ብቅ የምትለዋን ሳጥን ሁላችንም የፋይል መፈለጊያ እንላታለን። ነገር ግን የጻፍህላትን እንዳለ ይዛ ወደ ፍለጋ አትሄድም። መጀመሪያ ታነበዋለች፣ የራሷን ትርጉም ትሰጠዋለች፣ የማይመለከታት የመሰላትን ትቆርጣለች፣ የተረፈውን ይዛ ነው የምትፈልገው። ከምትቆርጣቸው አንዱ የመስመር ቁጥር ነው። «ደብዳቤ:12» ብለህ ብትጽፍ ደብዳቤ የሚባለውን ፋይል ክፈትና 12ኛው መስመር ላይ አቁመኝ ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ጠቃሚም ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ለዚህ ሥራ ሁለት ነጥቧ ብቻዋን አለመሆኗን ነው። የ«#» ምልክትም፣ መክፈቻ ቅንፍም ያንኑ ይሠራሉ። በጻፍኸው መጨረሻ ላይ ከሦስቱ አንዱ መጥቶ ከኋላው ቁጥር ከተከተለ ሳጥኗ «ገባኝ፣ መስመር እየነገርከኝ ነው» ትላለች።

የአንተን ጉዳይ ፊደል በፊደል እንሂድበት። እኔም ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ በባዶ ፎልደር ውስጥ ሁለት ፋይሎች በአንተዎቹ ስም ፈጥሬ ሞክሬዋለሁ። «የገብስ» ስትል ሁለቱም ፋይሎች ይታያሉ፤ ልክ ነው። «የገብስ ዘር» ስትል አሁንም ሁለቱም። ቀጥለህ መክፈቻ ቅንፍ ስትነካ፣ ገና ቁጥር ሳትጽፍ፣ ቅንፏና ከፊቷ ያለው ክፍት ቦታ ለሳጥኗ ከፍለጋው ወጥተዋል፤ አንተ ግን በዓይንህ ተጽፈው ነው የምታያቸው። «2» ስትል ሁለተኛ መስመር፣ «20» ስትል ሃያኛ፣ «201» ስትል ሁለት መቶ አንደኛ መስመር ትላለች። «2016» ብለህ ቅንፉን ስትዘጋ በሳጥኗ አእምሮ ውስጥ ያለው ትእዛዝ ይህ ነው፦ «የገብስ ዘር» የሚል ፋይል ፈልጊ፣ 2016ኛው መስመር ላይ አቁሚኝ። ዓመቱ የመስመር ቁጥር ሆኖ ቀረ። ዝርዝሩን ልብ ብለህ ብታየው ቅንፉን ከከፈትህ ጀምሮ ሁለቱ ፋይሎች ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ አንዱ መጥፋት የነበረበት እዚያ ላይ ነበር።

እንግዲህ ለሁለቱም እኩል የሚስማማ ስም ይዛ ከሁለቱ የትኛውን ከላይ ታስቀምጥ? ከዚህ ቀደም የከፈትከውን። ሳጥኗ ቀደም ሲል የተከፈቱትን ፋይሎች ካልተከፈቱት ታስቀድማለች፤ ሁለቱም ተከፍተው ከነበሩ ደግሞ፣ ቅንብሯን ካልነካካኸው በቀር፣ በስም ተራ ትደረድራቸዋለች። «አንዳንዴ ትክክለኛው ይከፈታል» ያልከው ምስጢሩ ይኸው ነው። ቀደም ብለህ 2016ን ብቻ ከፍተህ ከነበረ እሱ ከላይ ይሆናል፤ ነገሩ የሠራ ይመስልሃል። ጠዋት አንድ ገበሬ መጥቶ የአምናውን ዕዳ ልታይለት 2015ን ከፍተህ ከነበረ ደግሞ ከሰዓት በኋላ «(2016)» ብለህም 2015 ይመጣል። የጻፍኸው ዓመት በምርጫው ላይ አንዳች ድርሻ አልነበረውም።

ይህን ስህተት ክፉ ያደረገው ግን ቀጣዩ ነው። 2016ኛው መስመር ላይ አቁሚኝ ተብላለች። ፋይሉ ሁለት ሺህ መስመር የለውም፤ ሦስት መቶ ቢሆን ነው። የሌለ መስመር ስትጠየቅ ስህተት ነው ብላ አትጮህም፤ እስከምትችለው ድረስ ሄዳ የመጨረሻው መስመር ላይ ከርሰሩን ታቆማለች። የሲኤስቪ ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በባዶ መስመር ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ከርሰሩ ብልጭ ድርግም እያለ የቆመው የት ላይ ነው? አዲስ አባወራ ለመጻፍ አንተ ራስህ በምትሄድበት ቦታ ላይ! ፋይሉ ከላይ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ርዕሱን፣ የመጀመሪያዎቹን ስሞች ታይ ነበር፤ «ይህማ የአምናው ነው» ትል ነበር። እሷ ግን ልክ እንደ ተግባቢ ጸሐፊ መዝገቡን በባዶው ገጽ ገልጣ፣ ብዕሩን ነክራ ሰጠችህ። 38 አባወራ ድረስ ሳትጠራጠር መጻፍህ አይገርመኝም። እኔም እጽፍ ነበር።

ይህን ያህል ካማናት ዘንድ ለምን እንዲህ ሆና እንደተሠራችም መናገር አለብኝ። ቪኤስ ኮድ በዋናነት የተሠራው ለፕሮግራመሮች ነው። ፕሮግራመር ቀኑን ሙሉ የስህተት መልእክት ሲያነብ ይውላል፤ መልእክቶቹ ደግሞ የፋይሉን ስምና ስህተቱ ያለበትን መስመር አጣብቀው ነው የሚያወጡት። አንዳንዱ መሣሪያ ስምና መስመሩን በሁለት ነጥብ ያያይዛል። ሌላው፣ ለምሳሌ የታይፕስክሪፕት ኮምፓይለር፣ ስሙን ጽፎ መስመሩንና ዓምዱን በቅንፍ ውስጥ «(12,5)» ብሎ ያስቀምጣል። ሰውየው ያንን እንዳለ ኮፒ አድርጎ ሳጥኗ ውስጥ ሲለጥፈው በቀጥታ ስህተቱ ላይ እንዲያርፍ ነው ቅንፏም የተጨመረችው። አሳቡ ደግ ነው፤ ለእኔ በቀን ሃያ ጊዜ ይጠቅመኛል። ፋይሉን በዓመት እየለየ በቅንፍ የሚሰይም የማኅበር ጸሐፊ ግን ያን ጊዜ በማንም ልቦና አልነበረም። ደግሞ ይህ ልማድ የአንተ ብቻ አይደለም፤ አንድን ፋይል ሁለቴ ዳውንሎድ ስታደርግ ብሮውዘሩ ራሱ «(1)» ብሎ ነው የሚሰይመው። «ደብዳቤ (1)» ብሎ ፈልጎ ዋናውን «ደብዳቤ» ከፍቶ ያረመ ሰው ስንት እንደሆነ እሱ ይወቀው። ያ ሰው ከርሰሩ መጀመሪያ መስመር ላይ ስለሚቆምለት ጭራሽ ምልክት አያገኝም።

መውጫው ቀላል ነው። ቅንፏን ተዋት። «ገብስ 2016» ብለህ በክፍት ቦታ ለይተህ ጻፍ፤ ሳጥኗ በክፍት ቦታ የተለያዩትን ቃላት አንድ በአንድ ትፈልጋለች፣ ሁለቱም ያሉበትን ፋይል ብቻ ታስቀራለች። ቅደም ተከተሉም አያሳስባትም፤ «2016 ገብስ» ብትልም ያው ነው። 2016 ያለ ቅንፍና ያለ ሁለት ነጥብ ሲመጣ ተራ ጽሑፍ ነው እንጂ መስመር አይደለም። እኔ የምጠቀመው በዚህ ነው። ሌላው መንገድ ስሙን እስከ መጨረሻው፣ ነጥብ ሲኤስቪ የሚለውን ጭምር፣ መጻፍ ነው። ሳጥኗ የመስመር ቁጥር የምትፈልገው በጻፍኸው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ከቅንፉ በኋላ ኤክስቴንሽን ከተከተለ ጫፍ ላይ አይደለምና አትነካውም። ይሠራል፣ ግን ማን በየቀኑ ያን ሁሉ ይጽፋል?

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርልህ። ሳጥኗ ቁጥር ብላ የምታውቀው ከ0 እስከ 9 ያሉትን ብቻ ነው። ፋይልህን «የገብስ ዘር (፳፻፲፮)» ብለህ ብትሰይመው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብህ ነበር፤ የግእዙን ቁጥር መስመር ነው ብላ አታስብም፣ ቅንፉንም ሳትቆርጥ ታልፈዋለች። ከዚህ ተነሥተህ መዝገቡን ሁሉ በግእዝ ቁጥር ለመሰየም እንዳትነሣ ግን፤ ፋይሉን በፈለግህ ቁጥር ፳፻፲፮ን ከኪቦርድ ላይ መልቀም የባሰ ጣጣ ነው።

እዚያው ሳጥን ላይ ሌሎች ምልክቶችም ሥራ አላቸው። መጀመሪያ ላይ «>» ከጻፍህ ፋይል መፈለጉን ትታ ትእዛዝ ትጠይቅሃለች፤ «@» ብትል ያለህበት ፋይል ውስጥ ያሉ ርዕሶችን፤ «?» ብትል ምን ምን እንደምትችል ትዘረዝርልሃለች። ኮከብ ምልክቷን ደግሞ ጨርሶ ትጥላታለች፤ እንዳልጻፍኸው ናት። ስሙ በ«#» የሚጀምር ፋይል ያለው ሰው ካለ ያዘንኩለት እንደሆነ ይወቅ።

ከዚህ ይልቅ ቆም ልልበት የምፈልገው በሁሉም ፋይሎች ውስጥ ጽሑፍ የምንፈልግበትን፣ ኮንትሮል ሺፍት ኤፍ የሚያመጣውን ነው። ያ ከስር የትኞቹ ፋይሎች ይካተቱ የሚል ሌላ ሳጥን አለው፤ እዚያ የምትጽፈውን የፎልደር ስምም እንዲሁ ይተረጉመዋል፣ ያውም በሌላ ሕግ። በዚህኛው ኮከብ ሥራ አላት፣ የጥያቄ ምልክት በአንድ ፊደል ቦታ ይገባል፣ ማዕዘን ቅንፍ በውስጡ ካሉት ፊደላት አንዱን ማለት ነው፣ ኮማ ደግሞ ስም መለያ ነው። አንተን ያስቸገረችህ ክብ ቅንፍ ግን እዚህ ምንም አታደርግም! ያው አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት ሳጥን፣ ሁለት ቋንቋ።

ኮማዋ እኔን አንድ ከሰዓት በልታኛለች። የመንዝን ወረዳዎች መረጃ የሚሰበስብ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ስሙ ይቆየን። ፎልደሮቹን ወረዳና ከተማ አድርጎ ነበር የሰየማቸው፦ «ማማ, ሞላሌ»፣ «ላሎ, ወገሬ»፣ «ጌራ, መሃል ሜዳ»። አንድ የገበሬ ስም ማማ ውስጥ እንዳለ ተነግሮኝ የሚካተተው ሳጥን ላይ «ማማ, ሞላሌ» ብዬ ጻፍኩ። ውጤት የለም። ስሙን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞከርኩ። የለም። ለካስ ሳጥኑ ኮማዋ ላይ ሰንጥቆት «ማማ» የሚባል ፎልደር አንድ፣ «ሞላሌ» የሚባል ፎልደር ሁለት እያለ ነው የሚፈልገው፤ እንደዚያ ብቻቸውን የተሰየሙ ፎልደሮች ደግሞ የሉም። ከሁሉ የከፋው ቢኖሩ ነበር፤ «ሞላሌ» የሚባል የቆየ ኮፒ ተረስቶ ቢገኝ ኖሮ የሦስት ዓመት ስም ዝርዝር ይዤ በኩራት እሄድ ነበር። በኋላ በኮማዋ ቦታ የጥያቄ ምልክት አስገብቼ «ማማ? ሞላሌ» አልኩት፤ ሠራ። የኪቦርድህ ነገርም እዚህ ይገባል። በአማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆነህ ኮማ ስትጫን ብዙ ጊዜ የሚወጣልህ «፣» ነው። ይህችን ሳጥኑ አይሰነጥቅባትም፣ ግን ፎልደሩ ከተሰየመባት «,» ጋር አንድ አይደለችምና አሁንም አታገኝም። በዓይን ሲያዩዋቸው ሁለቱም ነጠላ ሰረዝ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ማዶና ማዶ።

«አማርኛ አይችልም ወይ» ላልከው ደግሞ፣ በዚህኛው ጥያቄህ ባይሆንም ሙሉ በሙሉ ተሳስተሃል አልልህም። ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ የምትለውን ቁልፍ ተመልከት። አንድ ፋይል ውስጥ ሆነህ ስትፈልግ ቃል የት እንደሚያልቅ ኤዲተሩ የሚያውቀው በተሰጠው የምልክቶች ዝርዝር ነው፤ ነጥብ፣ ኮማ፣ ቅንፍ፣ ሰረዝና የመሳሰሉት የላቲኑ ምልክቶች አሉበት። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ ግን የሉበትም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ «ማኅበሩ የሚያከፋፍለው ገብስ።» ተብሎ ከተጻፈ ለኤዲተሩ ቃሉ «ገብስ» ሳይሆን «ገብስ።» ነው፤ ሙሉ ቃል ብለህ «ገብስ» ብትፈልግ ያንን ይዘለዋል። ማረጋገጥ ብትፈልግ ቃሉን ደብል ክሊክ አድርገው፤ አራት ነጥቡም አብሮ ይመረጣል። ሴቲንግ ውስጥ «ወርድ ሴፓሬተርስ» የሚለውን ፈልገህ ከነበሩት ምልክቶች ጫፍ ላይ «።፣፤፡» ብትጨምር ይስተካከላል። እውነቱን ለመናገር ግን ያችን ቁልፍ ለአማርኛ ባትነካት ይሻላል። ቋንቋችን ቃሉን ብቻውን አያስቀምጠውም፤ «የገብስ»፣ «ለገብስ»፣ «ገብሱን» እያለ ነው የሚሄደው፤ ሙሉ ቃል ያልከው ፍለጋ እነዚህን ሁሉ ያስቀርብሃል። ትልቅና ትንሽ ፊደል የምትለየው ጎረቤቷማ ለእኛ ከነጭራሹ ሥራ የላትም።

እዚህ ላይ ስለ ሞክሼዎቹ ካላነሣሁ ጎደሎ ይሆናል። አንተ «ሐምሌ» ብለህ ትጽፋለህ፣ ከአንተ በፊት የነበረው ጸሐፊ «ሀምሌ»፣ የወረዳው ሰው «ሃምሌ»። ለእኛ አንድ ወር ነው። ለኤዲተሩ ሦስት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው፤ ምክንያቱም ዩኒኮድ፣ ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተሮች ስምምነት፣ ለሀ፣ ለሃ፣ ለሐ፣ ለኀ ለየብቻቸው ቁጥር ሰጥቷቸዋል፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ፤ አንዱን እንደ ሌላው ቁጠረው የሚል ሕግም የለውም። የጅሩ ሰንጋ ብለህ ብትፈልግ «የጅሩ ሠንጋ» ያለበት ደብዳቤ ዓይንህ ሥር ሆኖ «የለም» ትባላለህ። ጽሑፍ መፈለጊያው ላይ የሪጄክስን (በንድፍ የመፈለጊያውን) ቁልፍ፣ ነጥብና ኮከብ ያለባትን፣ ካበራህ ግን አማራጮቹን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ደርድረህ «[ሀሃሐሓኀኃ]ምሌ» ማለት ትችላለህ፤ ሁሉንም በአንዴ ይለቅማል። ለሰንጋው «[ሰሠ]ንጋ»። ሲጨርሱ ቁልፏን ማጥፋት ነው፤ በርታ ከቀረች በሚቀጥለው «(2016)» ብለህ ጽሑፍ ስትፈልግ ቅንፎቹን ማሰሪያ ብቻ አድርጋ ትወስዳቸውና 2016 ያለበትን ሁሉ፣ ቅንፍ ኖረውም አልኖረውም፣ ታግተለትልሃለች። የኮንትሮል ፒዋ ሳጥን ይህን የማዕዘን ቅንፍ ዘዴ አታውቅም፤ እዚያ ፊደሉ ልክ እንደ ፋይሉ ስም መሆን አለበት። ፊደል መዝለል ትፈቅዳለች፣ «የገዘር» ብትልም «የገብስ ዘር»ን ታመጣለች፤ ሳብዕ በሳድስ ቦታ ግን አትቀበልም፤ «ዘር» ብለህ «ዘሮች» የሚባለውን ፋይል አታገኝም፣ ር እና ሮ ለእሷ ጎረቤት እንኳ አይደሉምና።

ሌላ ኤዲተር ብቀይርስ ብለህ እንዳትደክም። ቪም ላይ ፋይል ክፈት ብለህ በምትጽፈው ስም ውስጥ «%» ካለ አሁን የተከፈተውን ፋይል ስም ይተካበታል፣ «#» ካለ ቀደም ሲል የነበርህበትን። ኢማክስ ደግሞ የፋይል አድራሻ ስትጽፍ ሁለት ስላሽ አከታትለህ ከመታህ ከዚያ በፊት የጻፍኸውን ሁሉ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ሁሉም የየራሱ አመል አለው፤ ያንተን አመል ደግሞ አሁን ታውቀዋለህ።

ስለ ፋይሎቹ ስም የእኔን ምክር ከፈለግህ፣ ዓመቱን ወደ ፊት አምጣውና ቅንፉን ጣለው፦ «2016 የገብስ ዘር»። በፎልደሩ ውስጥ በዓመት ተራ ይሰለፉልሃል፣ ሳጥኗም የምትቆርጠው ነገር አታገኝም። ለክፉም ለደጉም የእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያ ዓምድ ዓመቱ ይሁን፤ ከርሰሩ የትም ቢቆም ከላዩ ያለው መስመር «2015» እያለ ያይሃል፣ 38 ሳይሆን ሁለተኛው አባወራ ላይ ትነቃለህ።

ስሙን ከመቀየርህ በፊት ግን ይህን እይ፦ ማኅበሩ ውስጥ ከእነዚህ የሲኤስቪ ፋይሎች መረጃ እየሳበ ዓመታዊውን ድምር የሚያወጣ የኤክሴል ሠንጠረዥ ካለ ፋይሎቹን የሚያገኛቸው በድሮ ስማቸው ነው። ስማቸው ሲቀየር ያ ግንኙነት ይበጠሳል፤ ድምሩን የሚያዘጋጀው ሰው ሳይሰማ እንዳትቀይረው። ከታይምላይኑ ላይ የ2015ቱን ስትመልስም 38ቱ መስመሮች የሉም ብለህ በዚያው አትዝጋው፤ ከስህተቱ በኋላ በእውነት የ2015 የሆነ ነገር፣ የተከፈለ ዕዳ ለምሳሌ፣ መዝግበህበት ከነበረ አብሮ ሄዷልና ያንን መልሰህ ማስገባት ይቀርሃል። ለዚያ ነው ፍላሽ ላይ ያስቀመጥነው ኮፒ።